አልሳሳት ያለው ሎሌ

ስንፍና ምንም አያፈራም የሚል ሰው ፎቴን አያውቀውም ማለት ነው። ፎቴ የኔትወርክ ባለሙያ ነው። ስሙን ያወጡለት ባልደረቦቹ ናቸው፤ ከተቀመጠበት መነሳት ሞቱ ስለሆነ። የሚሠራበት የመድን ድርጅት ሰባት ፎቅ ባለው ሕንፃ ውስጥ ነው። በየፎቁ ጓዳ የኔትወርክ ኬብሎችን የሚያገናኙ ስዊቾች ተቆልፈዋል፣ በየጣሪያው የዋይፋይ ማሰራጫዎች ተለጥፈዋል፣ ሁሉም እንደ ሕፃን በየጊዜው የሚፈልጉት ነገር አያጡም። ሌላው ሰው ደረጃ ለደረጃ ሲንከራተት፣ ፎቴ ምድር ቤት ባለችው መስኮት አልባ ክፍላቸው ቁጭ ብሎ ያስባል። ሲያስብ ከርሞ ከርሞ፣ ደረጃን ከመጥላቱ ብዛት፣ ሎሌን ሠራ።

ሎሌ ሰው አይደለም፣ ፕሮግራም ነው። መልክ የለው፣ ሥዕል የለው፣ በማውስ የሚጫን ነገር የለው። ጥቁር መስኮት ላይ አንድ መስመር ትእዛዝ ትጽፍለታለህ፣ በቃ። እነዚያ ስዊቾችና ማሰራጫዎች ደግሞ ኤፒአይ የሚባል በር አላቸው፤ ሰው ሳይሆን ፕሮግራም የሚያንኳኳው በር ነው፣ በደንቡ የጠየቀውን በደንቡ ያስተናግዳል። ሎሌ የሚገባው በዚያ ነው። የአራተኛ ፎቅ ማሰራጫዎች የይለፍ ቃል ይቀየር ብለህ ከጻፍክለት፣ ሻይህ ሳይበርድ ተቀይሮ ታገኘዋለህ። ድሮ ለዚህ ሥራ ግማሽ ቀን መሰላል ተሸክሞ መዞር ነበር።

በክፍሉ ከፎቴ ሌላ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱን መሰላል ይሉታል፤ ቁመቱም መሰላል ነው፣ ከእጁም መሰላል አይጠፋም። በዚያ ላይ የፎቴ ሚስት ታላቅ ወንድም ነው። ሁለተኛዋ እትዬ ናቸው፤ የክፍሉ አንጋፋ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው እያንዳንዱን ኬብልና እያንዳንዱን የኮድ መስመር ሁለት ጊዜ የሚያዩ፣ ጡረታቸው ደጅ የደረሰ ሴት። አንድ ሕግ አውጥተዋል፦ ማንም ሰው ብቻውን ትእዛዝ አይጭንም። አንዱ ሲጽፍ ሌላው ከኋላው ቆሞ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ይኼ ሰው ምስክር ይባላል። ምስክር ስህተት ካየ «ቁም!» ማለት ግዴታው ነው፤ የሚጽፈው አለቃው ቢሆን፣ ቢቆጣ፣ ቢያኮርፍ። ሎሌም ይህን ሕግ ተምሯል፤ መላ ሕንፃውን የሚነካ ትእዛዝ ሲመጣለት የምስክር የይለፍ ቃል ካልተጻፈ ንቅንቅ አይልም።

እንግዲህ እንዲህ ተከባብረው ሲኖሩ አዲስ አለቃ መጣባቸው። «ቅልጥፍና» የሚለውን ቃል ሳይጠራ ዐረፍተ ነገር ስለማይጨርስ ቅልጥፍና ብለው ሰየሙት። ሰኞ ዕለት ፎቴን ሰባተኛ ፎቅ አስጠራው፤ እስቲ ይታያችሁ፣ ሰባተኛ! ሊፍቱ ባይኖር ፎቴ የሥራ መልቀቂያውን ከታች ይልክ ነበር።

«ሎሌ የምትለውን ነገር ሰምቻለሁ» አለ ቅልጥፍና። «ሐሙስ ጠዋት ራሴ ወርጄ አየዋለሁ። እንደሚባለው ከሆነ፣ ለአንድ ሰው ሥራ ሦስት ሰው ማስቀመጥ ከቅልጥፍና አንጻር አያስኬድም። አንተ ኃላፊ ትሆናለህ፣ ሁለቱን አሰናብታለሁ።»

«ሁለቱን ማለት...»

«ረጅሙንና ሴትዮዋን። እስከዚያው ለማንም እንዳትተነፍስ።»

ፎቴ ፈገግ አለ። ደስ ብሎት አይደለም፤ ፊቱ ምን መሆን እንዳለበት ስለጠፋው ነው።

ያን ቀን ማታ እራቱ አልወርድ አለው። ሚስቱ «ምን ሆንክ?» ስትለው «ጥርሴን» አላት። ምን ይበላት? «የሠራሁት ፕሮግራም ወንድምሽን ሊያስባርረው ነው» ይበላት? መሰላል ሦስት ልጆች አሉት፣ የቤት ኪራይ አለበት። ከሥራ ከወጣ ከነቤተሰቡ፣ ከነመሰላሉ፣ እነ ፎቴ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው የሚመጣው። ይኼ እንኳ ይሁን፤ ይጠባሉ። የባሰው ሌላ ነው። ፎቴ ሥራ አጥቶ በየሰው ደጅ ሲጠና የነበረ ጊዜ፣ «ይኼ ልጅ አእምሮ አለው፣ እኔ ዋስ እሆነዋለሁ» ብሎ እዚህ መሥሪያ ቤት ያስገባው መሰላል ነው። እትዬ ደግሞ ሙያውን ያስተማሩት ናቸው፤ በሕመም የተኛ ጊዜ የሱን ሥራ ደርበው ሠርተው ለማንም ያልተናገሩ። እምቢ ቢል ቅልጥፍና ሌላ ፕሮግራም ገዝቶ ማባረሩ አይቀርም። እንግዲህ አንድ መንገድ ብቻ ቀረው፦ ሎሌ በአለቃው ፊት መዋረድ አለበት። አንዴ ከተዋረደ እንደሱ ያለ ነገር ዳግመኛ ማንም አያነሳም።

ለዚህ ደግሞ ስንፍናው ደረሰለት። ሎሌ ሁለት ያረጁ ጉድለቶች ነበሩበት፤ ፎቴ «ነገ አስተካክለዋለሁ» ሲል ዓመት ያለፋቸው። የሌለ ፎቅ ቁጥር ከሰጡት ግራ ገብቶት ትንፍሽ ሳይል ይሞታል። ዕቃው የማይቀበለው የአሠራር ቅንብር ከላኩበት ደግሞ ሥራውን ግማሽ ላይ ጥሎ ይቀራል። ሁለቱን በአንድ ጠዋት ካሳየ፣ ቅልጥፍና ራሱ «ይኼን ጉድ ወዲያ በሉልኝ» ማለቱ ነው። ሐሙስ ሲነጋ ፎቴ ልጁን ለቅጣት እንደሚወስድ አባት አንገቱን ደፍቶ ሥራ ገባ።

ቅልጥፍና ክራቫቱን አሳምሮ ወረደ። መሰላልና እትዬ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ቅልጥፍና ገና ከመቀመጡ «ይኼ ምስክር የምትሉትን ነገር አውጣልኝ» አለ። «አንድ ሰው ለሚበቃው ሥራ ሁለተኛው ቆሞ የሚያነበው ለምንድነው? የትምህርት ቤት ንባብ ነው እንዴ?»

ፎቴ እትዬን ቀና ብሎ አያቸው። እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። ፎቴ የምስክርን ሕግ ከሎሌ አወጣ።

«በል አሳየኝ።»

ፎቴ ጣቶቹን አፍታቶ ጻፈ፦ የዘጠነኛ ፎቅ ማሰራጫዎች ጠፍተው እንደገና እንዲነሱ። ተጫነና ሎሌ ሲሞት ላለማየት ዐይኑን ጨፈነ። ሲገልጥ ጥቁሩ መስኮት ላይ እንዲህ የሚል ተጽፏል፦ «ዘጠነኛ ፎቅ የሚባል የለም። ሕንፃው ባለ ሰባት ፎቅ ነው። ምንም አልነካሁም።»

እንዴ! ፎቴ አፉን ከፍቶ ቀረ። እንዲህ ብሎ የሚመልስ ሎሌ አያውቅም። እሱ የሠራው ሎሌ ይሞታል እንጂ ጨዋታ አያውቅም!

«ኧረ ግሩም ነው!» አለ ቅልጥፍና። «አንተ ተሳሳትክ፣ እሱ አረመህ።»

«አዎ... ተሳሳትኩ» አለ ፎቴ፤ ጆሮው ጋለ። ሁለተኛውን ጉድለት አስቦ ተጽናና። ለሁለተኛ ፎቅ ስዊች፣ ዕቃው በምንም ተአምር የማይቀበለውን ቅንብር አቀናብሮ ላከ። ሎሌ ትንሽ አሰበና ጻፈ፦ «ስዊቹ ቅንብሩን አልተቀበለም። ወደ ነበረበት መልሼዋለሁ። እባክዎ ሁለተኛውን መስመር ደግመው ይዩት።»

ወይ ጉድ! ሰው ልጁን ጨዋ አድርጎ ካሳደገ በኋላ ስረቅ ብሎ ቢልከው የሚገጥመው እንዲህ ያለ ነገር ነው። ፎቴ ላብ አጠመቀው። የይለፍ ቃል አሳስቶ ጻፈ፤ ሎሌ በትሕትና ደግሞ ጠየቀው። ትእዛዙን ገልብጦ ጻፈ፤ ሎሌ «እንዲህ ለማለት ፈልገው ነው?» ብሎ አቃናለት። ቅልጥፍና በየመሐሉ ጭኑን ይመታል። ጥግ ላይ መሰላል ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፣ እትዬ ያንኑ መነጽር እየጠረጉ ነው።

«በቃ፣ በቃ!» አለ ቅልጥፍና። «አንተን ያህል የሚሳሳት ሰው ይዞ እንዲህ ከሠራ፣ በደህና ሰው እጅማ ምን ሊሆን ነው! ተነስ እስቲ፣ እኔ ልሞክረው።»

ፎቴ ከወንበሩ ተነሳ። ቅልጥፍና እጅጌውን ሰብስቦ ተቀመጠና «ምን ልዘዘው?» አለ። ፎቴ ጉዳት የሌለው ሥራ አሰበለት፤ በስልጠና ክፍሉ ውስጥ ማንም የማይጠቀምባቸው የኬብል መሰኪያዎች አሉ፣ እነሱን ይዝጋ። በመጀመሪያ «ዝጋ» ብሎ ይጻፍ፣ ከዚያ «መሰኪያ»፣ ከዚያ ቦታውን።

ቅልጥፍና በሁለት ጣት እየለቀመ ጻፈ። «ዝጋ» አለ። «መሰኪያ» አለ። እዚያ ላይ አቆመና ጣቱን ማስገቢያው ቁልፍ ላይ አሳረፈ።

ቦታውን አልጻፈም። በኤፒአዩ ደንብ ደግሞ ቦታ ካልተጻፈ ሁሉም ቦታ ማለት ነው። መላ ሕንፃው! ሌላ ጊዜ ቢሆን ሎሌ ምስክር አምጡ ብሎ ይገትረው ነበር፤ ዛሬ ግን ያ ሕግ ወጥቷል።

ፎቴ ከኋላው ቆሞ አየው። ከጠዋት ጀምሮ ሲለምነው የነበረው ውርደት ይኸው በገዛ እግሩ መጣለት፤ ያውም በአለቃው በራሱ እጅ። ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም፣ አፉን መዝጋት ብቻ። ዝም አይነቅዝም ይላል ተረቱ። መሰላል ይድናል፣ እትዬ ይድናሉ፣ የቤቱ ሁለት ክፍል ይድናል። ምላሱን ነከሰ። ግን ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ትዝ አለው፤ መኪናው የተሰባበረበት፣ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ወረቀቱን ይዞ ካሳ የሚጠብቅበት ፎቅ። እሱም ከሰውዬው ኋላ ቆሟል፤ እዚህ ክፍል ውስጥ ከኋላ የቆመ ሰው ምን እንደሚባል ያውቃል።

«ይቁሙ!» ብሎ ጮኸ። «ቦታውን አልጻፉም! ሕንፃውን ሙሉ ነው የሚዘጋው!»

ቅልጥፍና ዞር ብሎ እየሳቀ አየው። «ከጠዋት ጀምሮ የምትሳሳተው አንተ፣ የሚያርመው እሱ። እኔንም ያርመኛ!» አለና ተጫነው።

ሎሌ ግን ሎሌ ነው፣ ታዘዘ። «እሺ። ሁሉም መሰኪያዎች እየተዘጉ ነው» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልጻፈም፤ እሱ ራሱ የሚመላለስባትን መንገድ አብሮ ዘግቷታላ። ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ቅርንጫፉን መቁረጥ ማለት ይኼ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ መብራቱ ጠፋ። ቅልጥፍና «መልሰው» አለ። «በምን?» አለ ፎቴ። ወዲያው ከላይ፣ ከደረጃው በኩል፣ የሰው ድምፅ መጣ፤ መጀመሪያ ጉርምርምታ፣ ቀጥሎ ጩኸት።

እትዬ መነጽራቸውን አደረጉ። «በል መሰላል፣ ከላይ ጀምር። እኔ ከሁለተኛ እስከ አራተኛ። አንተ የምድር ቤቱን ዋናውን ከፍተህ አንደኛ ፎቅ ውጣ» ብለው ለየሰዉ አከፋፈሉ። እያንዳንዱ ስዊች ዘንድ ሄዶ፣ ላፕቶፕ በኬብል ሰክቶ፣ ዋናውን መሰኪያ በእጅ መክፈት ነው፤ ያ ከሆነ ሎሌ መንገድ ስለሚያገኝ ቀሪውን ራሱ ይጨርሰዋል።

«እኔስ?» አለ ቅልጥፍና፤ ድምፁ ቀጥኗል።

እትዬ ቆም ብለው አዩት። «እዚህ ቤት ልማድ አለን። ኔትወርክ የጣለ ሰው በየፎቁ እየዞረ፣ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ይቅርታ ይላል። ስልክ የለ፣ ኢሜይል የለ፣ ሰዉ ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት። እኛ ደግሞ ሦስታችንም እጃችን ተይዟል። ባዶ እጁን ያለው እርስዎ ነዎት።»

«ሊፍቱ ይሠራል?»

«የሊፍቱ ካርድ ማንበቢያ ኔትወርክ ላይ ነው» አለ ፎቴ። በዚያች ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ አዘነለት፤ የደረጃን ነገር እሱ ያውቀዋል።

ሁሉም ወጣ። ፎቴ ራሱ፣ ያ ፎቴ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ፤ የሚያውቁት ሰዎች አንድ ሰው ሞቷል ብለው ደነገጡ። አንደኛ ፎቅ ጓዳ ውስጥ ተንበርክኮ ስዊቹን ሲከፍት፣ ከግድግዳው ባሻገር የቅልጥፍና ድምፅ ይሰማዋል። «ይቅርታ፣ የኔ ስህተት ነው፣ በቅርቡ...» ከዚያ ወዲያ የሚሰማው የሌላ ሰው ድምፅ ብቻ ነው፤ ረጅም ድምፅ።

ዕቃዎቹ ከተመለሱ፣ ሦስቱም ምድር ቤት ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ቅልጥፍና ወረደ። ክራቫቱ የለም። የት እንደጣላት ማንም አልጠየቀውም። የመሰላል መሰላል ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር፣ የመጀመሪያው እርከን ላይ ቁጭ አለ።

«ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ» አለ፣ «ሁልጊዜ እንደዚያ ናት?»

«ምን አለችዎት?» አሉ እትዬ።

«ያላለችኝን ብነግርዎ ይቀላል።»

«ደህና ቀን ይዟት ነው እንግዲህ። ስንት ቀን አልቅሰን ወርደናል።»

ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሽማግሌ ደንበኛ እጁን ይዘው የመኪና አደጋቸውን ከጥንት ጀምሮ ተርከውለታል። አምስተኛ ፎቅ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መስሏቸው ማንቆርቆሪያ እንዲጠግን ሰጥተውታል። ስድስተኛ ፎቅ ደግሞ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ኔትወርክ መጥፋቱን የሰሙት ገና ከሱ አፍ ነው፤ ከሰሙ በኋላ ግን ከሁሉም ፎቅ ይበልጥ ተቆጡ። ይህን ሁሉ ሲናገር መሰላል ሳቁን ለመዋጥ ኬብል መጠቅለል ጀመረ፤ አስቀድሞ የተጠቀለለ ኬብል።

ቅልጥፍና ፎቴን ትክ ብሎ አየው። ሞኝ ሰው አይደለም፤ ችኩል እንጂ።

«ያ ዘጠነኛ ፎቅ፣ ተሳስተህ አልነበረም።»

ፎቴ መሬት መሬቱን አየ። «አልነበረም።»

«ሥራህን በገዛ እጅህ ልታበላሽ ነበር። እሺ፣ ይሁን። ታዲያ እኔ ስሳሳት ለምን ቁም አልከኝ? ዝም ብትል ይበቃህ ነበር እኮ።»

«ዝም ልል ነበር» አለ ፎቴ። «አፌ እምቢ አለኝ። ከኋላዎ ቆሜ ነበራ።» ከዚያ ወደ ባልደረቦቹ ዞረና፣ የታፈነው ሁሉ ገንፍሎ ወጣ። «ስሙኝ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ሎሌ ዛሬ ከሠራ እናንተ ልትባረሩ ነበር። ከሰኞ ጀምሮ አውቃለሁ። መናገር አቃተኝ፣ ለዚህ ብዬ ነው ላዋርደው የነበረው።»

«እናውቃለን» አሉ እትዬ። «ሰባተኛ ፎቅ ያለችው ጸሐፊ ማክሰኞ ነግራናለች። እዚህ ሕንፃ ውስጥ ምስጢር ከኔትወርኩ ይፈጥናል።»

ፎቴ ቀና አለ። «ቆይ... እነዚያን ሁለት ጉድለቶች ማን ደፈናቸው?»

መሰላል የተጠቀለለውን ኬብል ፈትቶ እንደገና ይጠቀልል ጀመር። መልስ የሰጡት እትዬ ናቸው፦ «ትናንት አንተ ወጥተህ ስትሄድ እኛ ቀረን። መሰላል በየዕቃው እየሄደ ሞከረ፣ እኔ ጻፍኩ። መሄዳችን ካልቀረ፣ ልጁ በአለቃ ፊት አይፈር ብሎ ያስቀመጠኝ እሱ ነው።»

ፎቴ መሰላልን አየው። እሱ እነሱን ለማዳን ሎሌን ሊያዋርድ ሲፍጨረጨር፣ እነሱ ደግሞ የሚባረሩበትን ገመድ እሱ እንዳያፍር ብለው በእጃቸው ሲያጠብቁ! አልቻለም፤ እንባው ዱብ ዱብ አለ። ትልቅ ሰው፣ በሥራ ቦታ፣ በአለቃው ፊት።

«አታልቅስ እንግዲህ፣ ኪቦርዱ ላይ ነው» አለ መሰላል፤ የሱም ድምፅ ደህና አልነበረም።

ቅልጥፍና ከመሰላሉ እርከን ላይ ተነሳ። «ምስክሩን መልሱት» አለ። «ማንም የትም አይሄድም።» በሩ ላይ ደርሶ፣ ሰው ሲራራ መታየቱ አሳፍሮት መሰለኝ፣ ቁጣ ጨመረበት። «ደግሞስ ይኼ ነገር ሌላ ጊዜ ሲወድቅ ማን ሊዞር ነው? እኔ? ሞቼ ነው!»

«ኃላፊነቱስ?» አሉ እትዬ።

«እሱማ የፎቴ ነው። በየቀኑ በየፎቁ እየወጣ...»

«ለእትዬ ይሁን!» አለ ፎቴ፣ አፍንጫውን እንኳ ሳይጠርግ።

ቅልጥፍና ወጣ፤ ሳቁ ከደረጃው ላይ ተሰማ። መሰላል መጥቶ ፎቴን ማጅራቱን ጠፍ አደረገው፣ እዚያው እጁን ረሳው። «ስማ» አለው በሹክሹክታ፣ «ለእህቴ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። አንተን ወንድሜን ልታስባርር ነበር ብላ፣ እኔን ደግሞ እያወቅክ ዝም አልክ ብላ፣ ሁለታችንንም ነው ከደጇ የምታባርረን።»

«ጥርሴን ብያታለሁ» አለ ፎቴ።

«እኔም ስትደውልልኝ ጥርሴን ነው ያልኳት» አለ መሰላል።